«ቲቸር፣ እግዜር ተቆጥቶኝ ነው?»

ሰላም እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ዕድሜዬ 24 ነው። ከመምህራን ኮሌጅ ከወጣሁ ወዲህ ደንቢያ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ባሠራችው የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሦስተኛ ክፍልን ይዣለሁ፤ 58 ልጆች አሉኝ። ትምህርቱ እንደ ሌላው ትምህርት ቤት ነው፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ግን ጸሎት ይደረጋል፣ ግብረ ገብም ጠበቅ ተደርጎ ይሰጣል። ሥራዬን እወደዋለሁ። እኔም አማኝ ነኝ፣ እጾማለሁ።

በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት፣ በመጻጉዕ ሳምንት ማክሰኞ፣ ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ፣ አንድ የ9 ዓመት ተማሪዬ ሰሌዳ ላይ ማካፈል ሊሠራ ወጥቶ ጀመር አደረገና ተዝለፍልፎ ወደቀ። የሚኖረው ከአያቱ ጋር ነው። ከቤቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሩ ይሄዳል። ሲነቃ «ምን ሆንህ?» ብለው «እየጾምሁ ነው» አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ብስኩት ነበረኝ፤ እዚያው ልጆቹ ፊት አጎረስሁት። «ቲቸር፣ ወተት አለበት እኮ!» ሲሉኝ «የጾም ነው» አልኋቸው። ማሸጊያውን አላነበብሁትም ነበር። ልጁንም «ለማንም እንዳትናገር» አልሁት።

ወሬው ማታውኑ ቀበሌውን አዳረሰው። በማግስቱ ልጆቹ «ጾም ገዳፊ» እያሉ አበሸቁት። አያቱ መጥተው አለቀሱ፤ ብዙም ሳይናገሩ ሄዱ። ርእሰ መምህራችን ቅኔ ቤት፣ ዜማ ቤት ያለፉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። የፊታችን ሰኞ ሰልፍ ላይ ልጁ ከፊት እንዲቆም፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙኝ። «የክርስቲያን ትምህርት ቤት ነን፤ ይሄን ዝም ብለን ካለፍን ሌሎቹ ምን ይማራሉ?» አሉኝ። እምቢ ካልሁ ኮንትራቴ በሰኔ አይታደስም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደብተር ላጣ ልጅ ከደመወዛቸው ሲገዙ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ ነው የጨነቀኝ።

ልጁ ሐሙስና ዓርብ ቀረ። ዘንድሮ የማይቀር ልጅ ነበር። በዚህ ሳምንትም ሰኞና ማክሰኞ አልመጣም። ከመቅረቱ በፊት ረቡዕ ዕለት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ እግዜር ተቆጥቶኝ ነው የወደቅሁት?» አለኝ። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። ምን ላድርግ?

የሦስተኛ ክፍሏ መምህርት


እታለም፣ አይዞሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ሰኞ ሳይደርስ ብዬ ሌላውን ሁሉ ትቼ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ይሄን ያዢልኝ። የወደቀ ልጅ አንስተሽ ማጉረስሽ ጥፋት አይደለም። ሳላመነታ ነው የምልሽ። ሌላ ያጠፋሽው ነገር አለ፣ እመጣበታለሁ፤ ማጉረስሽ ግን አይደለም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ልጁ ሰኞ ማታ ምን በልቶ ነው ያደረው?

እንዳላወቅሽ ገምቻለሁ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ርእሰ መምህሩም የጠየቁ አይመስለኝም። ሁላችሁም የተከራከራችሁት ስለ ጾም ነው። ክፍልሽ ውስጥ ካሉት 58 ልጆች ግን ስንቶቹ እስከ ስድስት ሰዓት እየጾሙ፣ እየሮጡ፣ እየተላፉ ይውላሉ? ብዙዎቹ አይደሉም? የደንቢያ ልጅ ጾም አይጥለውም። ማታ ሽሮውን በልቶ፣ ጠዋት እህል ሳይቀምስ መጥቶ፣ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ነገር ያለው ልጅ ይደክመው ይሆናል እንጂ ሰሌዳ ላይ በቀላሉ አይወድቅም። የሚጾም ሰው ሰዓቱ ሲደርስ የሚቀምሰው አለው። ያንቺ ተማሪ አለው ወይ?

እኔ ጎንደር ሳድግ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጾመኛ ሆኑ ይባል ነበር። ቡና ሲጠሩ «ጾም ይዣለሁ»፣ ቁርስ ሲቀርብ «ጾም ይዣለሁ»። ሰውም ያከብራቸው ነበር። እናቴ የነቃችው በበዓለ ሃምሳ ነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም ታውቂያለሽ። ሴትየዋ ግን በሃምሳውም «ጾም ይዣለሁ» አሉ። እናቴ የዚያን ቀን ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሙሉ ሌማት እንጀራ በወጥ አስይዛ «የማርያም ዝክር ነው በያቸው» ብላ ላከችኝ። ዝክር ደግሞ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ቤታችን ዝክር በዛ። ልጅ ሆኜ ለምን እንደበዛ አልገባኝም ነበር።

ይሄን ያነሳሁልሽ ያንቺ ተማሪም እንደዚያው ነው ብዬ በርግጠኝነት ለመናገር አይደለም፤ ቤታቸውን አላውቀውም። ግን አያቱ መጥተው አልቅሰው፣ ብዙም ሳይናገሩ ሄዱ ብለሻል። በጾም መገደፍ የተቆጣ ሰው ይናገራል፣ ይራገማል፣ «ልጄን ምን አበላሽው?» ይላል። ዝም ብሎ የሚያለቅስ ሰው ሌላ ነገር ያስለቀሰው ይመስለኛል። የገጠር ሰው «የሚላስ የሚቀመስ የለንም» ከሚል «እንጾማለን» ማለት ይቀለዋል። ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው፤ በዚህ ሁሉ ቀን ልጁ ለምን እንዳልበላ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ስለዚህ ከሰኞ በፊት መጀመሪያ የምትሄጂው ቢሮ አይደለም፣ አያቱ ቤት ነው። ቅዳሜ ሂጂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ አብዝተሽም አትጫኚ፤ ትንሽ ቡና፣ ስኳር፣ አንድ ኪሎ ሽሮ ቢሆን እንግዳ የሚይዘው ነው፣ አያሸማቅቅም። ልጁ ጥሎት የሄደ ደብተር ካለ ያዢለት። «ልጠይቃችሁ መጣሁ» ብለሽ ግቢ። ቡና ካፈሉ ሦስተኛውን ሳትጠጪ አትነሺ። ጎረቤት ካለ ስለ ምግብ ጭራሽ እንዳታነሺ። ብቻችሁን ስትሆኑ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ «ልጅዎን ሰው ፊት አጉርሼ ያሳፈርኋችሁ እኔ ነኝ» በያቸው። ከዚያ ስለ ልጁ ጠይቂ። ከዚህ በፊት ወድቆ ያውቃል? ጠዋት ሲነሣ ያዞረዋል? ሲወድቅ አንቀጥቅጦት ያውቃል? ሌሊት ያተኩሰዋል? እያወራችሁ ስትሄዱ ስለ ቤቱ ራሳቸው ይነግሩሻል። ባይነግሩሽም ምድጃውንና ሌማቱን ዓይንሽ ያየዋል፤ ያየሽውን ግን ለማንም አታውሪ።

የጤናውን ነገር ደግሞ በቀላሉ አትለፊው። ልጅ በረሃብ ብቻ አይወድቅም። ደንቢያ ወባ የማያጣው አገር ነው፤ የሆድ ትላትልና የደም ማነስም ልጅን እንዲህ ያደርጋሉ። በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኝተሽ ቤት ድረስ እንድታይላቸው ለምኛት፤ ካስፈለገም ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙ ይታይ። አያቱ ጠበል እወስደዋለሁ ካሉ አትከራከሪ። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ምርመራውንም ያድርግ።

ሌላም የምትጠይቂያቸው ነገር አለ፤ የንስሐ አባታቸው ማን ናቸው? ይሄ ከሁሉም ይልቅ መንገድ የሚከፍትልሽ ይመስለኛል። ልጆች ከሰባት ዓመት ጀምረው ጾም እንዲለማመዱ ይደረጋል፤ የታመመና አቅም ያጣ ሲኖር ደግሞ ለንስሐ አባቱ ይነገርና እሳቸው እንደ አቅሙ ያደርጉታል። በዚህ ላይ የሚፈርደው ርእሰ መምህሩ አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም፣ እኔማ ጭራሽ። አያቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬን ያናግሯቸው፤ ከፈቀዱልሽ አብረሻቸው ሂጂ። መምሬ «ይህ ልጅ ጠዋት እህል ይቅመስ» ካሉ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ «ገዳፊ» የሚል ልጅም ቢኖር «መምሬ ፈቅደውለታል» ይባላል። በገጠር የዚህ ክብደት ይገባሻል።

አሁን ወደ ርእሰ መምህሩ እንምጣ።

ክፉ ሰው አይደሉም ብለሽ መጻፍሽን ወድጄዋለሁ። ሥጋታቸውም እውነተኛ ሥጋት ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ በሙሉ ልብ የሚልኩት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው ብለው ስለሚያምኑት ነው። «እዚያ ጾም ያስገድፋሉ» የሚል ወሬ ከተነዛ መጀመሪያ ከትምህርት የምትቀረው ሴቷ ልጅ ናት። ሰውየው ይሄን ሲያስቡ ነው የሚያድሩት። ስለዚህ ስታናግሪያቸው እንደ ባላንጣ አትቅረቢ። ቢሮ ውስጥ መምህራን እየገቡ እየወጡ አይሁን። እሑድ ከቅዳሴ ስትወጡ ወይም ወደ ቤት መንገድ ላይ ብቻቸውን አግኚያቸው።

በራስሽ ጥፋት ጀምሪ። ሦስት ነገር አጥፍተሻል። ልጁን መምህራን ክፍል ወስደሽ ማጉረስ ስትችዪ በ57 ልጆች ፊት አደረግሽው። ያላነበብሽውን ብስኩት «የጾም ነው» አልሽ፤ ይሄ ውሸት ነው፣ ልጆቹም አውቀውታል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ልጁን «ለማንም እንዳትናገር» አልሽው። የ9 ዓመት ልጅ አስተማሪው «አትናገር» ስትለው የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ የተደረገው ነገር ኃጢአት ነው። «እግዜር ተቆጥቶኝ ነው?» ያለሽ ከዚያ በኋላ በማግስቱ መሆኑን ልብ ብለሻል? ልጆቹ ብቻ አይደሉም ያስፈሩት። ይሄን ስጽፍልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ደንግጠሽ ነው፣ ማንኛችንም እናደርገው ነበር። ግን ይሄ ያንቺ ስለሆነ አንቺ ተሸክመሽ ሂጂ። ሰውየው የጠበቁት ሰበብ ነው፤ ጥፋትሽን ራስሽ ቆጥረሽ ስትነግሪያቸው ይሰሙሻል።

ከዚያ ልጁ እንዳይቆም ለምኛቸው። እዚህ ላይ ስብከት አያስፈልግም፤ ከኛ የበለጠ ያውቁታል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው። ልጁ የወደቀው በመጻጉዕ ሳምንት ነው። በዚያ እሑድ የሚነበበው ወንጌል 38 ዓመት የተኛው ሰው «አልጋህን ተሸከምና ሂድ» ተብሎ መዳኑን፣ ሰዎቹ ደግሞ መዳኑን ትተው በሰንበት አልጋ ለምን ተሸከምህ ብለው መጠየቃቸውን ነው የሚናገረው። «እርስዎ ቢያስተምሩኝ፣ በመጻጉዕ ሳምንት የወደቀን ልጅ ከፊት አቁመን ምን እንበለው?» በያቸው። ጠይቂና ዝም በይ። መልሱን ለእሳቸው ተዪው።

ሌላ ጥያቄም አለኝ፤ እንደ እኔ ይሄኛው ነው ልባቸውን የሚነካው። ቅኔ ቤት ዜማ ቤት ያለፉ ሰው ከሆኑ የቆሎ ተማሪ ነበሩ ማለት ነው። የምግብ መለመኛዋን አኩፋዳ አንግተው ከሰው ደጅ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለዋል። ውሻ አሯሯጧቸዋል። ስማቸውን የማታውቅ የሰው እናት ቁራሽ አምጥታ አኩፋዳቸው ውስጥ ጨምራለች። ጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄዶ የአቋቋም ትምህርት ያስመሰከረ ሁሉ በዚያ ቁራሽ ነው የተማረው። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቆመው ተማሪ ሲራበው ያገሬው ሰው ከሌማቱ እየቆረሰ ነው። ስለዚህ ጠይቂያቸው፦ «ጌታዬ፣ እርስዎ በተማሪነትዎ ማን አበላዎት?» ብዙ ካህናትና መሪጌቶች አውቃለሁ፤ ይሄን ሲጠየቁ ፊታቸው ይለወጣል። ያን ቤት፣ ያቺን ሴት እስከ ዛሬ ያስታውሷታል።

እሺ ቢሉሽ፣ ሰኞ ሰልፍ ላይ ብቻሽን ቁሚ። ይቅርታ መጠየቅ አያዋርድሽም፤ የሚገባሽን ይቅርታ ነው የምትጠይቂው። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦ «በመጻጉዕ ሳምንት አንድ ተማሪ ታመመና ብስኩት ሰጠሁት። ምን እንዳለበት ሳላነብ የጾም ነው አልኋችሁ። ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ታሞ ነው የወደቀው። ወድቆ ያየነውን ሰው ገዳፊ ብለን አንሰድብም።» ይበቃል። አታርዝሚው። ልጆች መምህራቸው ዋሸሁ ስትል ሰምተው አያውቁም፤ ከስንት የግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ በላይ ያስታውሱታል።

እምቢ ካሉሽስ? ልጁ ከፊት ይቁም፣ አለቀ ካሉ? እዚህ ላይ አላለሳልስልሽም። ያን ልጅ አጠገብሽ አቁመሽ ይቅርታ አትጠይቂ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣትና ጭካኔ ካለበት አያያዝ እንዲጠበቁ ይላል። ይሄን ግን መጀመሪያ አታንሺው፤ ሕግ ከተነሣ በኋላ ቡና አብሮ መጠጣት ይከብዳል። ከአስተዳደሩ የሚያከብሩት አንድ አባት ካለ በመሐል አስገቢ። እሱም ካልሆነ ያን ጊዜ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ። ኮንትራትሽ በሰኔ ላይታደስ ይችላል፤ ይሄን አልደብቅሽም። ደመወዝሽን የሚጠብቅ ቤተሰብ አዘዞ አለ? ሌላ ቦታ ለመፈለግ የቀሩት ወራት ይበቁሻል? ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ አስቀምጪው። ፍርሃቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይቀንሳል። አንቺ ሌላ ክፍል ታገኛለሽ ብዬ አምናለሁ፤ ልጁ ግን ከሰልፉ ፊት ከቆመ በኋላ ወደዚያ ግቢ የሚመለስ አይመስለኝም።

ስለ ክፍል ጓደኞቹ ብዙ አትጨነቂ፤ ልጆች ቶሎ ይረሳሉ፣ የሚያስረሳቸው ነገር ካገኙ። ከእሱ ሰፈር የሚመጡ ሁለት ልጆች ምረጪና ሰኞ ጠዋት ቤቱ ሄደው ይዘውት እንዲመጡ አደራ ስጫቸው። ከሰዳቢዎቹ አንዱ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ለወደፊቱ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ርእሰ መምህሩ ከተለሳለሱ አብራችሁ ልታደርጉት የምትችሉት። የእናንተ አገር የሽምብራ አገር ነው። በቀበሌው የጽዋ ማኅበር አይጠፋም። በየወሩ አቅም ያለው ቤት አንድ አንድ ጣሳ ሽምብራ ያዋጣና ተቆልቶ፣ ወይም ንፍሮ ሆኖ፣ መምሬ በሚፈቅዱት ሰዓት ለልጆቹ ሁሉ ይታደል። ለሁሉም ነው ያልሁት፣ ለድኾቹ አይደለም። «የችግረኛ» ከተባለ ያንቺ ተማሪ እጁን አይዘረጋም። ስሙን የማርያም ዝክር በሉት፤ እናቴ የምታውቀው መንገድ ነው። በጾሙ መሐል መጀመር ካስቸገረ ከፋሲካ በኋላ ይሁን። እስከዚያ ድረስ መምህራን ክፍል ውስጥ ትንሽ ቆሎና ስኳር አስቀምጪ፤ በር ዘግተሽ የምትሰጪው።

ቅዳሜ ግን ይሄ ሁሉ ይቆይ። ቤቱ ስትደርሺ ልጁ ምናልባት አያቱ ቀሚስ ኋላ ይደበቃል። አትጎትችው። ቡናው ሲፈላ ራሱ ይወጣል። ያን ጊዜ አያቱ እየሰሙ ጥያቄውን መልሺለት፤ ሳትመልሺ እንዳትወጪ። «እግዜር አልተቆጣህም። ሰውነትህ ደክሞ ነው የወደቅኸው። ‹አትናገር› ያልሁህ እኔ ፈርቼ ነው፤ አንተ የምትደብቀው ነገር የለም» በዪው። ደብተሩን ስጪውና ሰሌዳ ላይ የጀመረው ማካፈል እንዳላለቀ፣ ሰኞም እሱን እንደሚጠብቀው ንገሪው።